የጎተራ ድመትና የታሸገ ምግብ፤ ከባሌ ደጋ የታየ የመርዝ ታሪክ

ስለ ድመት ምግብ የታሪክ ጽሑፍ ማቅረብ ለአንዳንድ ጓደኞቼ ቀልድ ይመስላቸው ይሆናል። በጎባና በሮቤ ድመት የምትኖረው አይጥ ይዛ፣ የተረፈ እንጀራ በልታ፣ ከተገኘም ጥቂት ወተት ልሳ ነው እንጂ ከሱቅ በተገዛ ቆርቆሮ አይደለም። ስለዚህ በውጭ አገር «ይህ የድመት ምግብ ተበክሏልና ከገበያ ይመለስ» ተብሎ ሲታወጅ እኛን የማይነካ የሀብታሞች ጭንቀት አድርገን እናልፈዋለን። እኔም እንዲሁ አስብ ነበር። ነገሩን ስመረምር ግን ያ ዐዋጅ የወጣበት ታሪክ ከእኛ ጎተራ ያን ያህል የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም። (ሌላ ካልጠቀስሁ በቀር ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ድመትን ከሰው ቤት ያስገባት እህል ነው። የቤት ድመት ከአፍሪካና ከቅርብ ምሥራቅ የዱር ድመት የተገኘች መሆኗን በ2007 የታተመ የዘር ጥናት አሳይቷል፤ ይኸው የዱር ድመት ዛሬም በባሌ ተራሮች ይኖራል። ሰው ማረስ ጀመረ፤ እህል አከማቸ፤ እህሉ አይጥ ጠራ፤ አይጡም ድመትን። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት አጽም ከ9,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። እንግዲህ ድመት እህል ባትበላም ኑሮዋ በእህል ላይ የቆመ ነው። እህሉን የነካ መርዝ በአይጡ፣ በወተቱ ወይም በፍርፋሪው በኩል ዞሮ ወደ እርሷ ይደርሳል። ጉበቷ ደግሞ የሰው ጉበት የሚያስወግዳቸውን አንዳንድ መርዞች ለማስወገድ ደካማ ነው፤ ሰውነቷም ትንሽ ነው። ስለዚህ ከቤተ ሰቡ ሁሉ ቀድማ የምትታመም እርሷ ናት።

ለቤት እንስሳ በፋብሪካ የተዘጋጀ ምግብ መሸጥ የተጀመረው በ1860ዎቹ በእንግሊዝ አገር ነው፤ ስፕራት የተባለ ነጋዴ የውሻ ብስኩት ይሸጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣውን የንግድ ታሪክ አልፌ ወደ 2007 እሄዳለሁ፤ ትምህርት የሚገኘው ከዚያ ነውና።

በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ በካናዳና በአሜሪካ ድመቶች መብላት ይተዉ፣ ያስመልሱ፣ ውኃ አብዝተው ይጠጡ ጀመር፤ ኩላሊታቸውም ሥራውን አቆመ። ሜኑ ፉድስ የተባለው የካናዳ ድርጅት ለብዙ ነጋዴዎች በየስማቸው ምግብ እያሸገ ያቀርብ ነበር። ከባለቤቶች አቤቱታ ሲደርሰው ምግቡን በእንስሳት ላይ ሞከረ፤ ከተሞከረባቸውም ድመቶች ሞቱ። ማርች 16 ቀን ከ60 ሚሊዮን የሚበልጥ ቆርቆሮና ከረጢት ከገበያ እንዲመለስ ዐወጀ። ከሳምንት በኋላ አንድ የኒው ዮርክ ላቦራቶሪ አሚኖፕተሪን የተባለ የአይጥ መርዝ አገኘሁ አለ። ይህ አሳሳች መንገድ ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት በማርች 30 ትክክለኛውን ነገር አስታወቀ፤ ከቻይና በመጣው የስንዴ ግሉተን ውስጥ ፕላስቲክ የሚሠራበት ሜላሚን ተገኘ።

ሜላሚን በምግብ ውስጥ ምን ይሠራል? የምግብ ፕሮቲን የሚለካው ብዙ ጊዜ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ተቈጥሮ ነው፤ ሜላሚን ደግሞ ናይትሮጅን የበዛበት ነው። ስለዚህ ርካሹን ዱቄት በሚዛን ፊት ባለ ፕሮቲን ያስመስለዋል። በእኛ ገበያ በርበሬ ላይ ሸክላ ፈጭቶ የሚጨምረውን ነጋዴ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ኬሚስትሪ አያስፈልገውም። ሜላሚኑ ሳይኑሪክ አሲድ ከሚባለው ከሌላ ነገር ጋር ሲገናኝ በኩላሊት ውስጥ እንደ አሸዋ ይጠጥራል። ለመሥሪያ ቤቱ ከ17,000 በላይ አቤቱታ ደረሰው። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር የመጀመሪያው ዝርዝር የመጨረሻው አለመሆኑ ነው፤ ያው ዱቄት በሌሎችም ምግቦች ገብቶ ስለ ነበር ዝርዝሩ ለሳምንታት እየሰፋ ሄደ። በመጀመሪያው ቀን ዝርዝሩን አይቶ «የኔ የለበትም» ብሎ የተረጋጋ ሰው በኋላ ላይ ድመቱን ሊቀብር ይችል ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2008፣ ያው ሜላሚን በቻይና በሕፃናት ወተት ውስጥ ተገኘ። ወደ 300,000 የሚጠጉ ልጆች ታመሙ፤ 6 ሕፃናትም ሞቱ። ድመቶቹ አንድ ዓመት ቀድመው የተናገሩትን የሰማ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። ይህ ደግሞ የመጀመሪያው አልነበረም። በጃፓን ሚናማታ በ1950ዎቹ የዓሣ አጥማጆች ድመቶች እየተንቀጠቀጡ ከወደቁ በኋላ ነው የሰዎቹ ሕመም በ1956 በይፋ የታወቀው። የፋብሪካው ሐኪም ሆሶካዋ በ1959 ከፋብሪካው የሚወጣውን ፍሳሽ ለአንዲት ድመት አብልቶ ሕመሙ ሲይዛት ቢያይም፣ ድርጅቱ ውጤቱን ደበቀ።

ለባሌ ሰው ይበልጥ ቅርብ የሚሆነው ግን የ2021 የእንግሊዝ ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት ከ500 በላይ ድመቶች በአንድ ዓይነት ሕመም ተያዙ። መቅናቸው ደም መሥራት አቆመ፤ ድዳቸው ነጣ፤ ከአፍንጫቸው ደም ፈሰሰ፤ ከታመሙት የሚበዙት ሞቱ። በጁን ወር በአንድ ፋብሪካ የተሠሩ ደረቅ የድመት ምግቦች ከገበያ ተመለሱ። ምክንያቱ ያለ ጥርጥር ተረጋግጧል ባይባልም፣ በምግቦቹ ናሙና ውስጥ ቲ-2 የሚባለው የሻጋታ መርዝ ተገኝቷል። ይህ መርዝ በቀዝቃዛና እርጥብ አገር በአጃ፣ በገብስና በስንዴ ላይ ከሚበቅል ሻጋታ ይመጣል። በሩሲያ ኦሬንቡርግ አውራጃ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ክረምቱን በበረዶ ሥር ያደረ እህል ለቅመው የበሉ ድኾች የሞቱት በዚሁ ዓይነት የደም ሕመም ነው። በኋላም የሳይንስ ሰዎች ያን ሕመም ለማጥናት የመረጡት እንስሳ ድመት ነበር።

እንግዲህ ወደ አገሬ ልመለስ። በሮቤ ዙሪያ በሲናና ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ አንዱን «ቦና»፣ ሌላውን «ገና» ይለዋል (የልደት በዓል አይደለም፤ በኦሮምኛ የዝናብ ወራት ስም ነው)። የገናው ምርት የሚሰበሰበው ሌላው ዝናብ ሲጀምር ነው። እርጥብ ነዶ ተከምሮ ሲሞቅ፣ እህሉ ሳይደርቅ ጎተራ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ሻጋታ ያለበት ሁሉ መርዝ አለበት አልልም፤ ነገር ግን በዚህ ላይ ቸልተኛ ለመሆን ታሪካችን አይፈቅድልንም። በጎረቤታችን በአርሲ በ2001 ኧርጎት የሚባል ፈንገስ የነካው ገብስ የበሉ ሰዎች እግራቸው ጠቁሮ እስከ መቆረጥ ደርሰዋል። በወሎ በዋድላ ደላንታም በ1970 ዓ.ም. ገደማ ይኸው ሕመም ከሲናር ጋር በተቀላቀለ እህል ምክንያት ብዙ ሰው ጎድቷል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በ2014 እና በ2015 የተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች ሲመረመሩ ሁሉም አፍላቶክሲን ነበረባቸው፤ በአውሮፓ ከተወሰነው ልክ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ምንጩ በዋናነት ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነበር። ያን ወተት ሕፃንም ድመትም ይጠጣዋል።

ሕግ የለንም አይባልም። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728 በ2004 ዓ.ም.፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ወጥተዋል። ዳሩ ግን እንዲህ ያለ ዐዋጅ የሚሠራው ስምና ቁጥር በተጻፈበት ከረጢት ላይ ነው። ከጎተራ የወጣ እህል፣ በጆግ የተሰፈረ ወተት ቁጥር የለውም፤ ማን ይጠራዋል? አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ የድመት ምግብ ከረጢት ተከፍቶ በኪሎ ሲሸጥ አይቻለሁ። ገዢው በላስቲክ ይዞት የሚሄደው ምግብ የተሠራበት ቀንም፣ የምድቡ ቁጥርም አብሮት አይሄድም። በዚያው ቀን ከገበያ ይመለስ ቢባል ገዢው የእርሱ መሆኑን በምን ያውቃል? ስለዚህ የታሸገ የሚገዛ ሰው ምግቡን ወደ ሌላ ዕቃ ቢገለብጠውም ከረጢቱን እስኪያልቅ ማስቀመጥ አለበት። ጥርጣሬ ሲኖር ምግቡን ወዲያው ማቆም፣ ጥቂቱን ለምርመራ አስሮ ማቆየት፣ የቀረውን መቅበር ይገባል። በእኛ አገር መቅበሩ ላይ እጸናለሁ። ደጅ የተጣለውን የሠፈር ውሻ ያነሣዋል፤ በዲንሾና በሳነቲ በኩል ደግሞ በዓለም ላይ ጥቂት መቶ ብቻ የቀረው ቀይ ቀበሮ አለ።

ይህን ጉዳይ እንዳጠና ያነሣሣኝ ግን የውጭው ታሪክ አልነበረም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ በጎባ በሠፈራችን በአንድ ሳምንት ሦስት ድመቶች ሞቱ፤ አንዷ የእናቴ ነበረች። አንድ ጎረቤት እህሉን ለማዳን የአይጥ መርዝ ነስንሶ ኖሯል። መርዙን የበላ አይጥ እየተንገዳገደ ይወጣል፤ ድመትም የምትይዘው እንዲህ ያለውን ነው። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እህላቸው ነው ያሳሰባቸው። ለማንም መንገር እንደሚያስፈልግ አልመጣላቸውም፤ እኛም የድመቶቹን ሞት እርስ በርሳችን የተነጋገርነው ሦስተኛዋ ከሞተች በኋላ ነው። እናቴ ሄዳ አነጋገረቻቸው። ምን እንደ ተባባሉ አልሰማሁም።

በሚቀጥለው ዓመት እኚያው ጎረቤት መርዝ ሊያኖሩ ሲሉ ታናሽ ልጃቸውን በየደጁ ላኩት። ልጁም «አዱሬያችሁን እሰሩ! አዱሬያችሁን እሰሩ!» እያለ እስከ መንገዱ ድረስ ዞረ። እናቴ አዲሷን ግልገል ድመት ጓዳ አስገብታ ለሦስት ቀን ዘጋችባት፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትጮኽ የተኛ ሰው አልነበረም።