የጭስ ሒሳብና ወሰኑ፤ የንግድ ኩባንያዎች ልቀት በሦስት የተከፈለበት ታሪክ

የንግድ ኩባንያዎች ወደ አየር የሚለቁትን ሙቀት አማቂ ጋዝ በሦስት ክፍል መድቦ መመዝገብ ዛሬ በብዙ አገር የተለመደ ሥራ ሆኗል። ተማሪው ይህን ክፍፍል በመማሪያ መጽሐፍ ሲያገኘው የተፈጥሮ ሕግ ሊመስለው ይችላል፤ ዳሩ ግን ሰዎች በቅርብ ዘመን ተመካክረው ያሠመሩት የሒሳብ ወሰን ነው። ወሰኑ የት ላይ እንደ ተሠመረና ከወሰኑ ውጭ የቀረው ምን እንደ ሆነ ለመመርመር ይህ አጭር ጽሑፍ ተዘጋጅቷል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድሞ ልቀትን የመቍጠር ግዴታ የመንግሥታት ነበር። በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔይሮ ለፊርማ የቀረበው የአየር ንብረት ስምምነትም ሆነ በ1997 የጸደቀው የኪዮቶ ውል ሒሳቡን የሚይዙት በአገር ድንበር ነው፤ ጭሱ ከማን ምድር ወጣ የሚለው ጥያቄ ይበቃቸዋል። የንግድ ኩባንያ ግን በአንድ ድንበር አይወሰንም። ነዳጁን በአንድ አገር ይቈፍራል፤ በሌላው ያጣራል፤ በሦስተኛው ይሸጣል። ኤሌክትሪክ ከሌላ ይገዛል፤ ዕቃውንም የሚያመላልስለት ሌላ ነው። እንግዲህ የኩባንያው ልቀት የሚባለው ከየት ተነሥቶ የት ያበቃል?

ለዚህ መልስ ለመስጠት በዋሽንግተን የሚገኘው የዓለም ሀብቶች ኢንስቲትዩትና መቀመጫውን በጄኔቫ ያደረገው ስለ ዘላቂ ልማት የቆመ የዓለም ኩባንያዎች ምክር ቤት በ1998 በአንድነት ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ኢንስቲትዩቱ ቢ.ፒ.ንና ጄኔራል ሞተርስን ከመሰሉ ተባባሪዎች ጋር ባወጣው ዘገባ አንድ ወጥ የመለኪያ ሥርዓት እንደሚያስፈልግ ተገልጾ ነበር። ሚዛኑ ሲሠራ የሚመዘኑትም አብረው መቀመጣቸውን አንባቢ ልብ ይበል። የመጀመሪያው የሒሳብ ደንብ በ2001 ታተመ፤ በ2004 ታርሞ እንደገና ወጣ።

ደንቡ ያቆማቸው ሦስት ክፍሎች በባለሙያዎች ዘንድ «ስኮፕ» ይባላሉ፤ እኛ ወሰን እንላቸዋለን። ለምሳሌ አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ እንውሰድ። ከራሱ ምድጃና ከራሱ መኪናዎች የሚወጣው ጋዝ አንደኛው ወሰን ነው። (በሲሚንቶ ሥራ ከሚቃጠለው ነዳጅ ይልቅ የኖራ ድንጋዩ በሙቀት ሲፈርስ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበልጣል፤ ይህም ከዚሁ ወሰን ይገባል።) ፋብሪካው የሚገዛውን ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የወጣው ጋዝ ሁለተኛው ወሰን ነው፤ እንደ ኢትዮጵያ አብዛኛው ኤሌክትሪክ ከውሃ በሚገኝበት አገር ይህ ቍጥር ትንሽ ይሆናል። ከዚህ የተረፈው ሁሉ፣ ይኸውም ከሚገዛው ጥሬ ዕቃ ጀምሮ የተሸጠው ዕቃ እስከሚደርስበት ድረስ ያለው፣ ሦስተኛው ወሰን ነው። ሁለቱን ወሰኖች መመዝገብ በደንቡ ግዴታ ሲሆን ሦስተኛው በኩባንያው ፈቃድ ላይ ተተወ።

የዚህን ፈቃድ ክብደት ለማየት ከቢ.ፒ. ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ጆን ብራውን በግንቦት 1997 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ንግግር የአየር ንብረት ለውጥ ችላ የማይባል ነገር መሆኑን በመቀበላቸው ከነዳጅ ነጋዴዎች መካከል ተለይተው ታዩ። በ1998 ኩባንያቸው ከራሱ ሥራ የሚወጣውን ልቀት እስከ 2010 ድረስ ከ1990ው መጠን ከመቶ 10 እጅ በታች እንደሚያወርድ አስታወቀ። በ2002 ግቡ ከቀኑ ስምንት ዓመት ቀድሞ መድረሱ ተነገረ። በየጕድጓዱ በከንቱ ይቃጠል የነበረው ጋዝ ተቀንሷል፤ የሚያፈሱ ቧንቧዎች ተጠግነዋል። ሥራው እውነተኛ ነበር፤ ቍጥሩንም ሐሰት የሚለው የለም። ነገር ግን ኩባንያው የሸጠው ቤንዚንና ናፍጣ በገዢው ሞተር ውስጥ ሲቃጠል የወጣው ጋዝ በዚህ የተስፋ ቃል ውስጥ አልነበረም። የነዳጅ ንግድ ዋናው ጭስ ደግሞ እርሱ ነው።

ደንቡን የሚደግፉ ሰዎች የሚያቀርቡት ክርክር ቀላል አይደለም። ነዳጅ ሻጩም፣ መኪና ሠሪውም፣ የጭነት ድርጅቱም ያንኑ ጭስ ቢመዘግቡ አንዱ ጭስ ሦስት ጊዜ ይቈጠራል ይላሉ። የዓለምን ልቀት ለመደመር ለተነሣ ሰው ይህ በእርግጥ ስሕተት ነው። ነገር ግን የኩባንያ መዝገብ የሚያዝበት ምክንያት ኀላፊነትን ለማወቅ ከሆነ ድግግሞሹ የሚጐዳው ነገር አይታየኝም፤ ለአንድ ዕዳ ሦስት ዋስ ቢጠራ ዕዳው ሦስት እጥፍ አይሆንም።

ክርክሩ እየገፋ ሲሄድ በ2011 ለሦስተኛው ወሰን ራሱን የቻለ ደንብ ወጣለት። ክፍሉ በ15 ዘርፎች ተሸነሸነ፤ 8ቱ ከግዢ በኩል ያሉ፣ 7ቱ ከሽያጭ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ነገሩ ወደ እኛም ይደርሳል። የኢትዮጵያን ቡና ገዝቶ የሚቈላ የአውሮፓ ኩባንያ በሲዳማ ወይም በጅማ ቡናው ሲመረት የወጣውን ልቀት «የተገዙ ዕቃዎች» በሚለው ዘርፍ መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ስለዚህ ማዳበሪያውንና የእጥበት ጣቢያውን የሚመለከት ጥያቄ ከቈይው ተነሥቶ ወደ ገበሬው ማኅበር ይወርዳል፤ ማስረጃውን የማሰባሰቡ ድካም የማን እንደሚሆን ደንቡ በዝርዝር አይናገርም። ሁለተኛውም ወሰን በ2015 በአዲስ መመሪያ ሁለት ዓይነት አቈጣጠር ተሰጠው፤ አንዱ የአካባቢውን የኤሌክትሪክ መረብ፣ ሌላው ኩባንያው የገዛውን ውልና የምስክር ወረቀት የሚከተል ነው።

ፈቃድ የነበረው ነገር ቀስ በቀስ ወደ ሕግ አውጪዎችና ወደ ዳኞች ፊት ቀረበ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2022 ባቀረበው ረቂቅ ውስጥ ሦስተኛው ወሰን ነበረበት፤ በ2024 በጸደቀው ደንብ ግን ተሠረዘ። በኔዘርላንድስ የሆነው ይበልጥ ይደንቃል። የሄግ ወረዳ ፍርድ ቤት በግንቦት 2021 ሼል የተባለው ኩባንያ ልቀቱን እስከ 2030 ድረስ ከ2019ኙ መጠን ከመቶ 45 እጅ እንዲቀንስ ሲፈርድ ደንበኞች የሚያቃጥሉትን ነዳጅ ጭምር ቈጥሮ ነበር፤ የኩባንያው ልቀት ከመቶ 85 ያህሉ ከሦስተኛው ወሰን የሚመጣ መሆኑ በክርክሩ ተገልጿል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በኅዳር 2024 ይህን ውሳኔ ሻረ። ሼል ልቀትን የመገደብ ግዴታ እንዳለበት ተቀብሎ፣ ለአንድ ኩባንያ የተወሰነ መቶኛ ለመቍረጥ ግን በቂ መሠረት የለም አለ። አንድ ሻጭ ነዳጅ መሸጡን ቢያቆም ሌላው ገብቶ ሊሸጠው ይችላልና፣ ከሼል መዝገብ የጐደለው ከአየር ላይ መጕደሉ አልተረጋገጠም የሚል ነበር ምክንያቱ።