የተራራው ሕዝብና የመንገደኞች ብዕር



የዛሬው ንግግራችን ስለ አንዲት ትንሽ መንደርና ስለ አንድ ረዥም መንገድ ነው። መንደሪቱ ፈረንሳይንና እስፓኝን በሚለየው በፒሬኔ ተራራ በስተደቡብ፥ በናቫር ግዛት ትገኛለች። የአገሩ ተወላጆች ባስኮች በቋንቋቸው አውሪትስ ሲሏት፥ እስፓኞች ቡርጌቴ ይሏታል። መንገዱም የአውሮፓ ክርስቲያኖች ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ወደ ሐዋርያው ያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ መካነ መቃብር፥ ወደ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ፥ ለመሳለም የሚጓዙበት ነው። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጮቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

አውሪትስ ከባሕር ወለል በላይ በ900 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለች፥ ነዋሪዎችዋ ከ300 የማይበልጡ መንደር ናት። ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጣት አንድ ዋና ጎዳና ሲሆን፥ በጎዳናው ግራና ቀኝ የተራራ ውሃ በድንጋይ ቦይ ሲወርድ ይሰማል። የቤቶቹ ግድግዳ ነጭ፥ ማዕዘናቸው ጥርብ ድንጋይ፥ ጣራቸውም በረዶ እንዳይከማችበት ወደ ታች የተዘቀዘቀ ነው። በባስኮች ዘንድ ቤት ማለት ግድግዳና ጣራ ብቻ አይደለም። ቤቱ የራሱ ስም አለው፤ ሰውም በቤቱ ስም ይጠራል። ርስቱ እንዳይከፋፈል ወንድም ሆነ ሴት አንድ ልጅ ብቻ ቤቱን ይወርስ ስለ ነበረ፥ የቀሩት ልጆች ወደ ባሕር፥ ወደ ክህነት ወይም ወደ አሜሪካ ይሄዱ ነበር። በ1506 ዓ.ም. በዚሁ በናቫር የተወለደውና ወንጌል ለመስበክ እስከ ጃፓን የደረሰው ፍራንሲስኮ ሐቪየር እንኳ ስሙ የመጣው «ኤቼ ቤሪ» ከሚለው የባስክ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም «አዲስ ቤት» ማለት ነው።

ከመንደሪቱ ወጥቶ በዛፎች ጥላ ሥር ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የተራመደ ሰው ሮንሴስቫዬስ ይደርሳል፤ ባስኮች ኦሬያጋ ይሉታል። ከዚያም በላይ 1,057 ሜትር ከፍታ ያለው የኢባኜታ በር አለ። ይህ የተራራ በር ታላቁ ንጉሥ ሻርለማኝ የተዋረደበት ስፍራ ነው ተብሎ ከጥንት ጀምሮ ይነገርለታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ778 ዓ.ም. ሻርለማኝ በዛራጎሳ ከዓረብ ገዦች አንዳንዶቹ ከተማውን እናስረክብሃለን ብለውት ሠራዊቱን ይዞ ፒሬኔን ተሻገረ። ነገር ግን ዛራጎሳ በርዋን ዘጋችበት። ንጉሡም ያሰበው ሳይሳካለት ሲመለስ፥ የባስኮችን ከተማ የፓምፕሎናን ቅጥር አፈረሰ። ባስኮች ይህን አልረሱም። ነሐሴ 15 ቀን የንጉሡ ሠራዊት በቀጭኑ የተራራ መንገድ ተራ በተራ ሲያልፍ፥ በጫካው ውስጥ አድፍጠው የነበሩት ተራራዎች ጓዙንና ደጀኑን ወደ ሸለቆው ገፍተው ፈጁት። ከሞቱትም መካከል የንጉሡ የማዕድ ቤት ሹም ኤጊሃርድ፥ የቤተ መንግሥቱ ሹም አንሴልምና የብሬታኝ ጠረፍ ገዥ ሮላን ነበሩ። ባስኮች ጓዙን ዘርፈው ጨለማን ተገን በማድረግ ተበተኑ። ንጉሡም ሊበቀላቸው ቢፈልግ የት እንደ ገቡ የሚነግረው አላገኘም። ፍራንካውያን የከበደ የጦር ልብስ ለብሰው በማያውቁት ገደል ሲጨነቁ፥ ባስኮች ቀላል መሣሪያ ይዘው በደጃቸው ይዋጉ ነበር፤ ለድሉ ሌላ ምሥጢር መፈለግ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንግባ። ይህ ድል በጽሑፍ እንዴት ተመዘገበ? የፍራንካውያን ቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል በዚያ ዓመት ንጉሡ ወደ እስፓኝ እንደ ዘመተና ፓምፕሎናን አፍርሶ እንደ ተመለሰ ጽፎ፥ ስለ ሽንፈቱ አንድ ቃል አልተናገረም። እኛ በጽሕፈት ቤት የምንውል ሰዎች ዝም ያለ መዝገብ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ መምህር አያሻንም። በኋላ ታርሞ የተጻፈው ዜና መዋዕል ግን ነገሩን አመነ፤ ሻርለማኝ በ814 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ የሕይወቱን ታሪክ የጻፈው አይንሃርድም የሞቱትን መኳንንት በስም ቈጥሮ፥ የገደሏቸው ባስኮች መሆናቸውን ገልጾ ተናገረ። ኢብን አል አሲር የተባለው የዓረብ ታሪክ ጸሐፊ በበኩሉ ንጉሡ ይዞት ይሄድ የነበረውን ሱለይማንን ልጆቹ አስለቅቀውት እንደ ነበረ ስለሚገልጽ፥ ጥቂት ዓረቦችም በውጊያው ሳይገኙ አልቀሩም የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

ሦስት መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፥ በ1100 ዓ.ም. ግድም፥ «የሮላን መዝሙር» የሚባለው ወደ 4,000 የሚጠጋ ስንኝ ያለው ግጥም በፈረንሳይኛ ተደረሰ። ጊዜው የመስቀል ጦርነት ጊዜ ነበርና፥ ገጣሚው የጥቂት ተራራዎችን አደጋ የክርስትናና የእስልምና ታላቅ ጦርነት አደረገው። ሮላን የንጉሡ የእኅት ልጅ ሆነ፤ ጠላቶቹም 400,000 የሚሆኑ የሙስሊም ጦረኞች ሆኑ። ፓምፕሎናቸው የፈረሰባቸው፥ ስለ እርስዋም የተበቀሉት ባስኮች ከራሳቸው ድል ወጡ። ግጥሙ በአውሮፓ እየተዘመረ ስለ ኖረ ዛሬም በኢባኜታ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ የቆመለት ለሮላን ነው። ከውርደት ይልቅ ለተሸናፊው ክብር የሚያወጣ እንዲህ ያለ ግጥም እምብዛም አይገኝ ይሆናል።

ባስኮች ግን በዚያው አላቆሙም። በ824 ዓ.ም. ሌላ የፍራንካውያን ሠራዊት በእነዚሁ ተራራዎች ላይ ተሸንፎ፥ ኤብሉስና አስናር የተባሉ ሁለት መሪዎቹ ተማረኩ። ኤብሉስ ወደ ኮርዶባ ሲላክ፥ አስናር የሥጋ ዘመዳቸው ነውና ተለቀቀ። በዚያው ዘመን ኢኚጎ አሪስታ በፓምፕሎና ነግሦ፥ በኋላ ናቫር የተባለውን መንግሥት መሠረተ።

መንገዱ የጦር መንገድ ሆኖ አልቀረም። ተሳላሚዎች ሲበዙና በተራራው ላይ በበረዶና በተኩላ የሚሞቱት ሲበረክቱ፥ የፓምፕሎና ጳጳስ በ1127 ዓ.ም. በኢባኜታ ላይ የእንግዳ መቀበያ አቆሙ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከብርዱ ለመሸሽ ወደ ሮንሴስቫዬስ ወረደ። በተራራው ጫፍ ጉም በወረደ ጊዜ የጠፋው መንገደኛ ድምፁን ተከትሎ እንዲመጣ ደወል ይደወል ነበር። የቤቱን ምግባር የሚያወድስ በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ የላቲን ግጥም በሩ ለታመመውም ለጤነኛውም፥ ለክርስቲያኑም ለአይሁዳዊውም ለአረማዊውም ክፍት እንደ ነበረ ይመሰክራል። በመንገድ የሞቱትም በዚያው በግቢው ተቀብረዋል። በ1212 ዓ.ም. በላስ ናቫስ ዴ ቶሎሳ ጦርነት የተሰለፈው፥ በቁመቱ ረዥምነት የታወቀው የናቫር ንጉሥ ሳንቾ ብርቱውም መቃብሩ እዚያው ነው።

ከተሳላሚዎቹ አንዱ ግን ለእንግዳ ተቀባዮቹ የከፈለው ምስጋና ሌላ ዓይነት ነበር። በ1140 ዓ.ም. ግድም ለመንገደኞች መምሪያ የሚሆን መጽሐፍ ተጻፈ፤ ጸሐፊውም ኤምሪክ ፒኮ የሚባል የፈረንሳይ ካህን እንደ ሆነ ይታመናል። ይህ ሰው ወደ ባስኮች አገር ሲደርስ ብዕሩ መርዝ ተፋ። ቀረጥ የሚሰበስቡት ዱላ ይዘው መንገደኛውን ያስፈራራሉ፤ ጌታና ሎሌ ከአንድ ገበታ በእጃቸው ይበላሉ፤ ሲነጋገሩ የውሻ ጩኸት ይመስላል ብሎ ጻፈ። ስለ ቀራጮቹ እውነት ሳይኖረው አልቀረም፤ ጌታና ሎሌ አብረው መብላታቸው ግን ለምን እንዳስቆጣው እኔ አልገባኝም። ይሁን እንጂ ያው ሰው በጦር ሜዳ ጐበዞች እንደ ሆኑ፥ አሥራትም በሚገባ እንደሚከፍሉ፥ ለቤተ ክርስቲያንም መባ እንደሚያቀርቡ ሳይሸሽግ ተናግሯል።

የሚያስደንቀው ግን ቀጥሎ ያደረገው ነው። መንገደኛ ሳይራብ እንዲያልፍ ብሎ ይሁን ወይም ጆሮው ከምላሱ የተሻለ ስለ ነበረ፥ የናቀውን ቋንቋ ወደ ሃያ የሚጠጉ ቃላት ከነትርጓሜያቸው መዘገበ። ዳቦ፥ ውሃ፥ ቤት፥ ስንዴ፥ ቤተ ክርስቲያን፥ ንጉሥና የመሳሰሉትን አንድ በአንድ ጻፈ። ከማንኛውም የአውሮፓ ቋንቋ ጋር ዝምድናው ያልተገኘለት የባስኮች ቋንቋ እንደ መዝገበ ቃላት ተሰብስቦ የተጻፈው መጀመሪያ በዚህ በተሳዳቢው እጅ ነው።

ባስኮች ራሳቸው በቋንቋቸው መጽሐፍ እስኪያሳትሙ ድረስ ሌላ አራት መቶ ዓመት አለፈ። በ1512 ዓ.ም. ካስቲሎች ናቫርን ወርረው አገሩ በሁለት ነገሥታት መካከል ሲከፈል፥ ከተራራው በስተሰሜን፥ በተሳላሚዎቹ መነሻ በዶኒባኔ ጋራዚ አጠገብ፥ በርናት ኤቼፓሬ የሚባል የገጠር ቄስ ነበር። እርሱ በነገሥታቱ ጠብ ሳቢያ እስር ቤት ገብቶ የወጣ ሰው ነው። በ1545 ዓ.ም. ግጥሞቹን በቦርዶ አሳተመ። በመቅድሙም ከባስኮች መካከል ይህን ያህል የተማረ ሰው ሳለ በገዛ ቋንቋው የሚጽፍ አለመነሣቱ እንደሚደንቀው ተናገረ።

ከዚያ በኋላም ቋንቋው ዕረፍት አላገኘም። ከ1939 እስከ 1975 ዓ.ም. እስፓኝን የገዛው ጄኔራል ፍራንኮ ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አስወጣው፤ ሕፃን በባስክ ስም እንዳይመዘገብ እንኳ ተከለከለ። የሥራ ባልደረቦቼ የልደት መዝገብ የሚጽፈውን ጸሐፊ አስቡት፤ አባት የልጁን ስም ሲነግረው ብዕሩን አንሥቶ ሌላ ስም እንዲያመጣ ያዘዋል። ቋንቋው ግን ከቤት ውስጥ አልጠፋም። በ1968 ዓ.ም. ሊቃውንቱ በአራንሳሱ ገዳም ተሰብስበው ለጽሕፈት የሚሆን አንድ ወጥ ሥርዓት አወጡለት፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የናቫር ሕግም በሰሜናዊው ክፍል ከእስፓኝኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ አደረገው። ዛሬ ከ700,000 በላይ ሰዎች ይናገሩታል።

መንገዱም ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ ሕዝብ ይመላለስበታል። ጧት ከሮንሴስቫዬስ ወጥቶ ዱላውን እየተመረኰዘ ወደ አውሪትስ የሚወርደው ተሳላሚ ከፊቱ ገና 790 ኪሎ ሜትር ያህል አለው። ብዙው በጎዳናው ሲያልፍ አሜሪካዊው ደራሲ ሄሚንግዌይ በ1924 እና በ1925 ዓ.ም. ዓሣ ሊያጠምድ መጥቶ ያረፈባትን መንደር ለማየት ብቻ ቆም ይላል። ከመካከላቸው አንዱ ግን የፒኮን ዝርዝር አንብቦ የመጣ ቢሆንና ባስክ ከሚናገር ዳቦ ሻጭ ዘንድ ገብቶ «ኦጊ» ቢል፥ ዘጠኝ መቶ ዓመት ሊሞላው በተቃረበው በዚያው ቃል ዳቦውን ይዞ ይወጣል።