ከ4 ለ 0 ሽንፈት እስከ ዋንጫ

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ እግር ኳስ ነው። «ገና ቋንቋው ሳይገባን፣ የራሳችን ቤት ሳይኖረን፣ ስለ ኳስ ምን አገባን?» የምትሉ ወላጆች አትጠፉም። ይሁን እንጂ እዚህ ርሖቮት ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ወደ ኳስ ሜዳ ሲሮጡ ታያላችሁና፣ አሸናፊ ቡድን እንዴት እንደሚገነባ ማወቁ ለእናንተም ይጠቅማል።

ታሪኩን ከመጣንበት አገር እንጀምር። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በ1957 ካርቱም ላይ ሲካሄድ፣ ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎዋ ምክንያት ከውድድሩ ስለ ወጣች ኢትዮጵያ በቀጥታ ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜውም በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በ1959 ካይሮ ላይ እንደገና ተገናኙ፤ ውጤቱ ያው 4 ለ 0 ሆነ።

ይህን ያየ ሰው «ይህስ ቡድን አይረባም፣ ይበተን» ቢል አይፈረድበትም ነበር። ነገር ግን ሥራው አልተቋረጠም። በ1962 ውድድሩ አዲስ አበባ ላይ ሲዘጋጅ ቡድኑን የመሩት የቀድሞው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። መንግሥቱ ወርቁ ከቅዱስ ጊዮርጊስ መጣ። ያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከነበረችው ከኤርትራ ደግሞ፣ አባታቸው ጣሊያናዊ እናታቸው ኤርትራዊት የሆኑት ወንድማማቾች ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ ተሰለፉ። አምበሉም ሉቺያኖ ነበር። ልብ በሉ፤ አሥራ አንድ ጎል አግቢ ቢሰበሰብ ቡድን አይሆንም። በረኛ ያስፈልጋል፤ ኳስ የሚነጥቅ ተከላካይ ያስፈልጋል፤ ለጓደኛው የሚያቀብል አማካይም ያስፈልጋል።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ማለትም ጃንዋሪ 21 ቀን 1962፣ ለፍጻሜ የገጠመችው ያችው ግብጽ ነበረች። ግብጽ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያም ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። በመጀመሪያ ተክሌ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ደግሞ ሉቺያኖ አገቡ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎና መንግሥቱ ጨመሩና 4 ለ 2 አለቀ። ከሁለት ከባድ ሽንፈት በኋላ ዋንጫው አዲስ አበባ ቀረ።

ይሁን እንጂ ቡድን አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። አርጅተው የሚወጡትን የሚተካ ወጣት በየዓመቱ ካልተኮተኮተ፣ ስሙ ብቻ ይቀራል። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ዋንጫውን አልደገመችውም፤ ከ1982 እስከ 2013 ድረስም ለ31 ዓመት ለውድድሩ አላለፈችም።

አሁን ወደ ርሖቮት እንመለስ። ማርሞሬክ ከየመን የመጡ አይሁዶች የሰፈሩበት መንደር ነው። ሐፖዔል ማርሞሬክ የተባለው የሰፈሩ ቡድን በ1949 ተመሠረተ። በአገሪቱ ከፍተኛው ሊግ ለመጫወት የበቃው በ1972 ነው፤ 23 ዓመት ፈጀበት፤ የቆየውም አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነበር። ከእኛ ማኅበረሰብም፣ ነታንያ ውስጥ ከቤተ እስራኤል ቤተሰብ በ1992 የተወለደው ኤሊ ዳሳ በ2020ዎቹ ዓመታት የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበል ሆኗል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ በመጀመሪያው ዓመት ተጠባባቂ ሆኖ ቢቀመጥ፣ ወይም ቡድኑ ተሸንፎ አንገቱን ደፍቶ ቢገባ፣ «ተወው፣ ይቅርብህ» አትበሉት። ይልቅስ በየትኛው ቦታ እንደሚጫወት ጠይቁት፤ አሰልጣኙንም ሄዳችሁ ተዋወቁ፤ ቋንቋው ቢያስቸግራችሁ ልጁ ራሱ ያስተርጉምላችሁ። ትምህርቱንም ጎን ለጎን ተከታተሉ። ቡድን የሚሠራው ከሽንፈት በኋላ ተመልሰው በሚመጡ ልጆች ነው።

በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ ድረስ በደህና ሰንብቱ።