የጅቡ ድምጽ የማን ነው? የእንስሳት አኒሜሽን ፊልሞችና የአፍሪካ ውክልና

በአውሮፓውያኑ 1994 ለዕይታ የበቃው የዲዝኒ «ላየን ኪንግ» ታሪኩ የሚፈጸመው በአፍሪካ ሜዳዎች ላይ ነው። የፊልሙ ባለሙያዎች ወደ ኬንያ ተጉዘው መልክዓ ምድሩን አጥንተዋል፤ የሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ ገደሎች በሥዕሎቹ ውስጥ ይታያሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ግን አንድም ሰው አይታይም።

እንስሳ ዘር የለውም፤ ታዲያ ውክልና ከየት ይመጣል? በአብዛኛው ከድምጽ ነው። ሕጻን ተመልካች ማን ክቡር፣ ማን ወራዳ እንደሆነ የሚለየው ገጸ ባሕርያቱ በሚናገሩበት ቅላጼ ጭምር ነው።

የ1994ቱ ፊልም የድምጽ ድልድል እንግዳ ነው። ንጉሥ ሙፋሳን የተጫወተው ጥቁር አሜሪካዊው ጄምስ ኧርል ጆንስ፣ ንግሥቲቱን ሳራቢን ደግሞ ትውልደ ጃማይካዊቷ ማጅ ሲንክሌር ነበሩ። ልጃቸው ሲምባ ሲጎለምስ ግን የሚናገረው በነጭ አሜሪካዊው ማቲው ብሮደሪክ ድምጽ ነው። ሴረኛው አጎት የብሪታኒያ ቅላጼ አለው። ብርሃን ከማይደርስበት ዳርቻ የሚኖሩትና ወደ አንበሶቹ ግዛት እንዳይገቡ የተከለከሉት ጅቦች በዉፒ ጎልድበርግና በሜክሲኮ-አሜሪካዊው ቺች ማሪን ድምጽ፣ በከተማ ድሆች አነጋገር ያወራሉ። ተቺዎች ገና ያኔ የነቀፉት ይህንኑ ነበር።

ስሞቹስ? በስዋሂሊ ሲምባ አንበሳ፣ ራፊኪ ጓደኛ ማለት ነው። የጅቦቹ አለቃ ስም ሼንዚ ነው። ቃሉ «ያልሠለጠነ፣ አረመኔ» የሚል ስድብ ሲሆን፣ የጠረፍ ነዋሪዎች የመሀል አገሩን ሰው፣ በኋላም ቅኝ ገዢዎች አፍሪካውያንን ሲያንቋሽሹበት ኖረዋል። ለአሜሪካዊ ሕጻን ተራ ስም ነው፤ የናይሮቢ ወይም የዳሬሰላም ሕጻን ግን ትርጉሙን ያውቀዋል።

በእርግጥ ጅብን ማዋረድ የሆሊውድ ፈጠራ አይደለም። በአማርኛ ተረቶቻችንም አያ ጅቦ ሆዳምና ተላላ ነው። ያም ሆኖ በሐረር፣ በጁገል ግንብ አቅራቢያ፣ ሰዎች ጅብን በእጃቸው ያበላሉ። ልዩነቱ አያ ጅቦን የሚተርከውም የሚሰማውም ጅብን በቅርብ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ነው።

የባለቤትነት ጥያቄም አለ። በፊልሙ ውስጥ የተዘፈነው ስለ ተኛው አንበሳ የሚያወሳ ዜማ መነሻው ደቡብ አፍሪካዊው ሰለሞን ሊንዳ በ1939 የቀረጸው «ምቡቤ» ነው። ሊንዳ በድህነት ሞተ፤ ቤተሰቡ በፍርድ ቤት ተሟግቶ በስምምነት ክፍያ ያገኘው በ2006 ነው።

በ2019 ፊልሙ እንደገና ሲሠራ ድልድሉ ተለወጠ። ሲምባን ዶናልድ ግሎቨር፣ ናላን ቢዮንሴ፣ ራፊኪን ደቡብ አፍሪካዊው ጆን ካኒ ተጫወቱ። ሼንዚን በኡጋንዳ የተወለደችው ፍሎረንስ ካሱምባ አስፈሪ መሪ አድርጋ አቀረበቻት፤ የቀድሞው ቀልድ ቀረ። ስሟ ግን ያው ስድብ ነው።

ሌላ መንገድም ተሞክሯል። በ2010 በቢቢሲ የልጆች ጣቢያ መታየት የጀመረው «ቲንጋ ቲንጋ ቴልስ» በብሪታኒያ ድርጅት ቢዘጋጅም፣ አኒሜሽኑ የተሠራው በናይሮቢ ነው። የሥዕል ስልቱም ታንዛኒያዊው ኤድዋርድ ቲንጋቲንጋ በዳሬሰላም ከጀመረው፣ ደማቅ ቀለማትን ከሚጠቀመው ጥበብ የተወሰደ ነው። ዝሆን ኩምቢ ያወጣበትን ምክንያት የመሰሉ፣ በአፍሪካ አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው የሚያወጓቸውን ተረቶች ይተርካል። ተከታታዩ በበጀትም በዝናም ከሆሊውድ ጋር አይወዳደርም፤ ሆኖም በርካታ ወጣት ኬንያውያን የአኒሜሽን ባለሙያዎች ሙያውን የተማሩት በእርሱ ላይ እየሠሩ ነው።