የፍትሐ ብሔር ክርክሮችና የጠበቃ አስፈላጊነት

በምሥራቅ ጎጃም ዞን በደብረ ማርቆስ ከተማና በአካባቢው ወረዳዎች ነዋሪውን ወደ ፍርድ ቤት ከሚያመላልሱት የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች መካከል የመሬት ይዞታ፣ የውርስ፣ የፍቺና የብድር ክርክሮች ይገኙበታል። ባለጉዳዩ እውነት ይዞ ሳለ ሊረታ የሚችልባቸው ሁለት ዐበይት ምክንያቶች አሉ። እነርሱም የጽሑፍ ማስረጃ አለመኖርና በሕግ የተወሰነው ጊዜ ማለፍ ናቸው። በመሆኑም ጠበቃን ማማከር የሚገባው ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ሳይሆን ውል ከመፈረሙና ጊዜው ከማለፉ አስቀድሞ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። በመሆኑም በጎረቤት ፊት ተቆጥሮ የተሰጠ ገንዘብ በምስክር ብቻ ላይመለስ ይችላል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በጽሑፍ ውል ላይ ያኖረው የጣት አሻራም በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም።

መሬትን በሚመለከት የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ አርሶ አደሮች የእርሻ መሬት ሽያጭ ብለው የሚፈርሙት ወረቀት በሕግ ፊት አይጸናም። በክልሉ የገጠር መሬት ኪራይ፣ ስጦታና ውርስ የሚመሩት በአዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው። ይዞታን ለሌላ ከማስተላለፍ በፊት ደብተሩን ይዞ ባለሙያን ማማከር ከኋላ ጸጸት ያድናል።

ክስ የማቅረቢያ ጊዜ ወይም ይርጋ እንደ ጉዳዩ ይለያያል። ሕጉ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር ከውል የሚነሣ ጥያቄ በ10 ዓመት ይታገዳል። ከብት ሰብል ቢያበላሽ ወይም ሌላ ከውል ውጭ የሆነ ጉዳት ቢደርስ ካሣው ሊጠየቅ የሚገባው በ2 ዓመት ውስጥ ነው። የወራሽነት ጥያቄም መብቱና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙ ከታወቀበት ቀን አንሥቶ በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ጉዳይን በሽምግልና መጨረስ የሚደገፍ ነው። ሆኖም ሽማግሌ መቀመጡ ብቻውን የይርጋውን ቆጠራ አያቋርጥም።

መጥሪያ የደረሰው ሰው በቀጠሮው ካልቀረበ ክርክሩ በሌለበት ሊታይ ይችላል። በወረዳ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቅር የተሰኘ ወገን በ60 ቀናት ውስጥ ደብረ ማርቆስ ለሚገኘው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል።

የብድሩ መጠን አነስተኛ፣ ሰነዱም ግልጽ ከሆነ ባለጉዳዩ ራሱ ሊከራከር ይችላል። የማይንቀሳቀስ ንብረት፣ በርካታ ወራሾች ወይም የጋራ ሀብት ክፍፍል ያለበት ጉዳይ ሲሆን፣ ተቃራኒው ወገን ጠበቃ ሲያቆም፣ እንዲሁም ይግባኝ ሲታሰብ ግን ጠበቃ መያዝ ይመከራል።

ራፖር ጸሐፊ ማመልከቻ ያዘጋጃል እንጂ በችሎት ቆሞ አይከራከርም። ስለሆነም ባለጉዳዩ የጠበቃውን ፈቃድ ማየት፣ ክፍያውንና የሚሠራለትን ሥራ በጽሑፍ መዋዋል፣ የሰነዶቹን ዋናም ከእጁ ሳያወጣ ቅጂውን መስጠት ይኖርበታል። የመክፈል አቅም የሌለው ሰው ያለ ዳኝነት ክፍያ ክስ ለመመሥረት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ የሚችል ሲሆን፣ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል።