የመተማ መንገድና የአልጣሽ ወፎች

መተማ ዮሐንስ ሲባል የአንባቢ አሳብ ፈጥኖ የሚሄደው ወደ መጋቢት 1881 ዓ. ም. ጦርነትና ወደ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዕረፍት ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያው ቈላ ሌላም ታሪክ አለው፤ ይኸውም የአራዊቱና የወፎቹ ታሪክ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ታሪክ ወደ አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ወፍ ለማየትና በበጎ ፈቃድ ለመሥራት ስለሚመጣ እንግዳ ምን እንደሚያስተምር መመርመር ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መተማ ከጐንደር ወደ ሱዳን የሚወርዱ ነጋድያን በር ነበረች። በገበያዋ ቡናና ሰም፣ ይልቁንም በባርነት የተያዙ ሰዎች ይሸጡ ነበር። ጀርመናዊው የወፍ ሊቅ ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን በ1862 እ.ኤ.አ. ከዐፄ ቴዎድሮስ አገር ወደ ካርቱም የተመለሰው በዚህ መንገድ ነው። ስለ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ወፎች የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ከ1869 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታተመ። በዚያው በ1862 እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በአትባራ፣ በራሃድና በዲንደር ወንዞች አካባቢ እያደነ መተማን ጐብኝቷል። ሁለቱም ለዕውቀት ጠቅመዋል። ሆኖም በጊዜው ልማድ ወፍ የሚጠናው በጥይት ከወደቀ በኋላ ነበር፤ ቆዳውም መጽሐፉም ወደ አውሮፓ ሄደ። መንገድ የመራው የአገሬው ሰው ከዚህ ያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው።

በ1902 እ.ኤ.አ. ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ በተዋዋሉት መሠረት ድንበሩ ተወሰነ፤ ወፍ ግን ድንበር አያውቅም። በሱዳን በኩል ዲንደር በ1935 እ.ኤ.አ. ፓርክ ሆነ። ከመተማ በስተ ደቡብ፣ በቋራ ወረዳ፣ ከዲንደር ጋር የሚዋሰነው አልጣሽ የተከለለው ግን በ1998 ዓ. ም. ነው። ስፋቱ ከ2,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በዚያ አንበሳ መኖሩን በፎቶግራፍ አረጋግጠዋል።

በክረምት መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን እንግዳ ወደ አልጣሽ የሚገባው በበጋ ነው። የአውሮፓንና የእስያን ብርድ የሸሹ ወፎች የሚገኙትም ያን ጊዜ ነው። ሰደድ እሳት የሚነሣውና ከድንበር ማዶ ብዙ የከብት መንጋ የሚገባውም በዚያው ወራት ነው። ስለዚህ ወፍ ቈጣሪው እሳቱንና መንጋውንም ያያል፤ መዝገቡም ለፓርኩ ጠባቂ ምስክር ይሆናል። ነገር ግን በየዓመቱ በአንድ ቦታና በአንድ ወር ያልተደገመ ቈጠራ እምነት አይጣልበትም። ሁለት ሳምንት ቈይቶ የሚሄድ እንግዳ ይህን ብቻውን ሊፈጽም አይችልም፤ ቋሚው ቈጣሪ በዚያው የሚኖረው የጉሙዝ፣ የአማራና የአገው ወጣት መሆን አለበት። በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር አራዊትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በየዓመቱ በጥር ወር የውሃ ወፎችን ማስቈጠሩ ሥራው በአገር ልጅ እንደሚቻል ያሳያል።

አንድ ከባድ ጥያቄ ግን ይቀራል። ማሽላውን ግሪሳ ለሚጨርስበት ገበሬ ወፍ ጠላት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ወፍን እንዲጠብቅ በስብከት ብቻ አይገኝም። የመሪነቱ ደመወዝ፣ የማደሪያው ኪራይና የምግቡ ሽያጭ በቀበሌው ሊቀር ይገባል። እንግዳውም የአገሬው ሰው በደመወዝ የሚሠራውን ሥራ በነጻ ሠርቶ እንጀራውን እንዳይወስድበት ያስፈልጋል።

ከ2015 ዓ. ም. ወዲህ በሱዳንም በአማራ ክልልም የተነሣው ጦርነት የእንግዳን መንገድ አጥብቧል። ይሁን እንጂ የሚቀድመው ሥራ፣ ማለትም የአገሩን ወጣት ቈጠራና መዝገብ ማስተማር፣ እንግዳ እስኪመጣ የሚጠብቅ አይደለም። ይህ ካልተሠራ ሰላም በተመለሰ ጊዜ የሆይግሊን ዘመን ይደገማል፤ ጠመንጃው በካሜራ ይለወጣል እንጂ ዕውቀቱም ገንዘቡም እንደ ቀድሞው በመተማ በር አልፎ ይሄዳል።