የለገዳዲ ውሃና የኮሌጅ ኬሚስትሪ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ሁለት ተቋማት በተቀራረበ ዘመን ሥራ ጀመሩ። የመምህራን ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1969 ወደ ኮተቤ ተዛወረ፤ የለገዳዲ ግድብም በ1970 ገደማ ተጠናቀቀ። አንዱ የኬሚስትሪ መምህራንን ሲያሠለጥን፣ ሌላው የደፈረሰውን ውሃ በኬሚስትሪ እያጠራ ለከተማው ሕዝብ ማቅረብ ያዘ።

ተማሪን የትምህርቱ ባለቤት ማድረግ በኬሚስትሪ ዘንድ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ጀርመናዊው ዩስቱስ ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1824 በጊሰን ማስተማር ከጀመረ ወዲህ፣ ተማሪው መምህሩ ሲሞክር ከመመልከት አልፎ በገዛ እጁ የሚመረምርበትን ቤተ ሙከራ አቋቋመ። ከዚያም የወጡት ደቀ መዛሙርት ዘዴውን በየአገሩ አስፋፉት።

በኢትዮጵያም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የችግር ፈቺነትን ችሎታ ማዳበር ከዓላማዎቹ አንዱ አደረገ። በ1996 ዓ.ም. ገደማ የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ሲሻሻል፣ ተማሪ ተኮር ዘዴ ወደ ኮሌጆች ገባ። ይሁንና ተማሪዎችን በቡድን ማስቀመጥ ብቻውን ዘዴውን አያሟላም። የሙከራው ውጤት አስቀድሞ በመመሪያው ላይ ተጽፎ ከሆነ፣ በክብ የተቀመጠው ተማሪም ሥራው የታወቀውን መድገም ነው።

የለገዳዲ ውሃ ግን መልሱ በመመሪያ ያልተጻፈ ጥያቄ ያቀርባል። ጎርፍ የሚያመጣው ደቂቅ የሸክላ አፈር አሉታዊ ሙል ስላለው፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እየተገፋፉ ሳይዘቅጡ ይቆያሉ። አሉሚኒየም ሰልፌት ሲጨመር ይህ መገፋፋት ይደክማል፤ ቅንጣቶቹም ተጣብቀው ይዘቅጣሉ። መጠኑ ቢያንስ ውሃው አይጠራም፤ ቢበዛ አሲድነቱ ይጨምራል፣ ገንዘብም ይባክናል። እያንዳንዱ ሚሊ ግራም አሉሚኒየም ሰልፌት፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ፣ ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል አልካሊነት ይፈጃል።

ትክክለኛው መጠን የሚታወቀው በሙከራ ነው። ውሃው በስድስት ብርጭቆ ተቀድቶ ለየብርጭቆው የተለያየ መጠን ይጨመራል፤ በመጀመሪያ በፍጥነት፣ ቀጥሎም በዝግታ ተማስሎ እንዲዘቅጥ ይተዋል። ውሃው ከወቅት ወቅት ስለሚለዋወጥ የአምናው መልስ ለዘንድሮ አይበቃም። ስለዚህ ተማሪው ይለካል፣ ያነጻጽራል፣ የመረጠውንም መጠን በምክንያት ይሟገትለታል፤ መምህሩም መልሱን አስቀድሞ ስለማያውቅ አብሮ ይመረምራል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ብርጭቆ፣ መማሰያና አንድ ጀሪካን ያልተጣራ ውሃ ነው። ውሃውን ለኮሌጆች ማድረስና የማጣሪያውን አሠራር ማስረዳት፣ በሙያው የተሰማሩ መሐንዲሶች ሊያበረክቱት የሚችሉት አገልግሎት ነው።